አራተኛው ጫፍ

ባርኒ የሠርግ ሙዳይ ስታስር ሦስት እጅ ነበራት። ሁለቱ እንደ ማንኛችንም ከትከሻዋ የሚወርዱ ናቸው። ሦስተኛው በላይኛው ቀኝ በኩል ያለው መንጋጋዋ ነበር። ገመዱን በሁለት እጇ ታጠላልፍና ጫፉን በመንጋጋዋ ነክሳ አንዴ ሳብ ስታደርገው፣ ያንን ቋጠሮ ከዚያ ወዲያ የሚፈታው ትዕግሥት ብቻ ነው። በቡርኦ ከተማ ሴት ልጅ የዳረች እናት ሁሉ ማለት ይቻላል ሙዳይዋን ያሳሰረችው በእሷ ነው፤ ይኸው ሠላሳ ዓመት ሆነ።

ሙዳዩ የሙሽራዋ እናት ለአማቿ ወገን የምትልከው ነው። የግመል ቋንጣ በጥቃቅኑ ይከተፍና በቅቤ ተጠብሶ ከቴምር ጋር በእንጨት ዕቃ ይታሸጋል። ዕቃው ቆዳ ይለብሳል፣ ቆዳው በገመድ ይተበተባል፣ ከሠርጉም በሰባተኛው ቀን ይቀርባል። ጫፉን ፈልጎ መፍታት የወንዶቹ ፋንታ ነው። ቢላዋ ያወጣ እንደሆነ ሰውየው እስኪሞት ይሳቅበታል። ባርኒ ታዲያ ሦስት ጫፍ ለዓይን ትተውና አራተኛውን ትደብቃለች። ሦስቱ ይሳባሉ፣ ይላላሉ፣ ሰው ያደክማሉ፤ የሚፈቱት ነገር ግን የለም። ሁሉን የያዘው አራተኛው ነው፤ እሱም ከመጀመሪያው ጫፍ ሆድ ሥር ተወሽቆ ይቀመጣል።

ያንን አራተኛ ጫፍ ፍንጭ ሳይነገረው ያገኘ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የገዛ አማቿ ሮብሌ። ከሰባት ዓመት በፊት በራሱ ሠርግ ላይ ሦስቱን ፈትቶ ምንም ሲያጣ አጎቶቹ ቢላዋ አቀበሉት። አልተቀበለም። ከአሱር እስከ መግሪብ ቁጭ ብሎ በጣቱ ጫፍ ሲዳብስ ቆየና አገኘው። ባርኒ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ታይ ነበር። ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ልጄን ለሰው ሰጠሁ አለች።

አሁን ግን ሦስተኛው እጅ ታሟል። አሥር ቀኑ ነው።

መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ ነበር የሚያስቆጣው። ቀጥሎ ሙቅ ሻይ። ከዚያ ማንም ሳይነካው በራሱ ጊዜ እንደ ልብ መምታት ጀመረ፤ ጋደም ስትል ይብስበታል፣ ስትቀመጥ ትንሽ ፋታ ይሰጣል። ስለዚህ ተቀምጣ ነበር የምታነጋው። ቅርንፉድ ያዘችበት፣ በጨው ውሃ ተጉመጠመጠች፣ ከመድኃኒት ቤቱ ማስታገሻ እየገዛች ዋጠች። ማስታገሻው ሕመሙን ትቶ ሆዷን ያዘ። ሰው ሲቸግረው ጥርስህን ነክሰህ ቻል ይባላል፤ የታመመው ጥርሱ ሲሆን ምኑን እንደሚነክስ የነገራት የለም። በስድሳ ዓመቷ ልጅ ቀብራለች፣ ከጦርነት ሸሽታለች፤ እንዲህ የደከማት ቀን ግን ትዝ አይላትም። ድካሙ ከመንጋጋዋ ተነሥቶ ትከሻዋ ላይ ወርዶ ነበር፤ ውሃ መቅዳት እንኳ እንደ ሩቅ መንገድ ይታያት ጀመር።

ጎረቤቷ ከልቱን በየቀኑ ትመጣለች። ለመጠየቅም ነው፣ ለራሷ ጉዳይም ነው። የልጇ ሠርግ ደርሷል፤ ሙዳዩ ደግሞ ገመዱ ሳይነካ ቆዳውን ብቻ ለብሶ በባርኒ ክፍል ጥግ ተቀምጧል።

"የጥርስ ሐኪም አማች ይዘሽ በቅርንፉድ ትሰቃያለሽ?" አለቻት ከልቱን። "ወንዝ ዳር ተቀምጦ መጠማት ማለት ይኼ ነው።"

"ምን አድርጊ ነው የምትይኝ? ሄጄ አፌን ልክፈትለት?"

"እኔ አልወጣኝም።"

"እንግዲያው ዝም በይ።"

ከልቱንም ታውቀዋለች። በእኛ አገር አማት በአማቿ ፊት አትበላም፣ አትጠጣም፣ ጥርሷን አታሳይም። እሱም ቀና ብሎ አያያትም። ሮብሌ ሊጠይቃት ሲመጣ በር ላይ ይቆማል፣ እሷ ጉፍታዋን እስከ አፍንጫዋ ትስባለች፣ እሱ መሬት መሬቱን እያየ ስለ ጤናዋ ይጠይቃል። ሰባት ዓመት እንዲህ ተከባብረው ኖሩ። የአማቱን ጫማ አሳምሮ ያውቃል፤ ፊቷን ግን መንገድ ላይ ቢያገኘው የሚለይ አይመስለኝም። እና ይህች ሴት ከሐኪሙ ወንበር ላይ ተጋድማ፣ አፏን በልቅጣ፣ መብራት ይበራባታል? ሞት ይሻላል ብላ ነበር፤ ሞትም ቢሆን እንዲህ አይጎተትም።

ሀርጌሳ መሄድም አለ። ግን ከተማው ምን ይላል? አማቿን ንቃ አፏን ለባዳ ወሰደች ይላል። ስለዚህ የቀረው የከብት ገበያው ጥርስ ነቃይ ዋርሳሜ ነው።

"ዋርሳሜ አንዴ ብቻ ነው የሚስበው፤" አለች ከልቱን። "ወላሂ ነው የምልሽ። የግራውንስ የነቀለልሽ እሱ አይደል?"

"እሱ ነው። ለግመልም ለሰውም ያለው አንድ ጉጠት ነው።"

"ቢሆንስ? ግመሎቹ አላማረሩም።"

ባርኒ ልትስቅ ስትል ጉንጯን ያዘች። የግራዎቹን አንድ በአንድ ዋርሳሜ ጨርሷቸዋል። ገመድ የሚይዝ የቀራት ይህ አንዱ ነው። እሱ ከሄደ ቋጠሮ የለም። ድዷን ነክሳ አታስር። እጇ ብቻውን ደግሞ ማንም ሕፃን የሚፈታው ቋጠሮ ነው የሚቋጥረው። ከተነቀለ ሙዳዩም፣ ስሟም፣ ማለዳ የምትነሣበት ምክንያትም አብሮ ይነቀላል። ይህን ለከልቱን አልነገረቻትም። ሐሙስ እንሂድ አለቻት፤ ደክሟት ነበር።

በዚህ ላይ ደግሞ ሳጋል አለች። ልጇ ናት፣ የሮብሌ ሚስት። ላስታምምሽ ብላ ከሁለቱ ልጆቿ ጋር ከመጣች ስድስት ቀን ሆናት። ለማስታመም የመጣ ሰው ስድስት ቀን የሚበቃ ልብስ ይዞ አይመጣም ስትል ባርኒ በሆዷ አሰበች። ባልና ሚስት ሲጣሉ ሴቷ ወደ እናቷ ቤት ትመጣለች፤ ሽማግሌ እስኪልክ ትጠብቃለች። ሮብሌ ሽማግሌ አልላከም። ስልክ ግን ይደውላል፤ ሳጋልም ስታነጋግረው ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሳጋል ግቢው ውስጥ የልጆቹን ልብስ ታጥባለች። እጇ አረፋ ነው፤ ስልኩን በመስኮቱ ደፍ ላይ አድርጋ በድምፅ ማጉያው ለቃዋለች። ባርኒ ከውስጥ በኩል በዚያው መስኮት ሥር ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። እንቅልፍ የወሰዳት መስሏቸው ነበር።

"ሒዲዱ ሞቷል ነው የምልሽ፤" አለ የሮብሌ ድምፅ። "በስብሷል። ከዚህ በኋላ ማባበል ምን ይጠቅማል? ይውጣና እንገላገል።"

"እናቴስ?"

"እናትሽም ታርፋለች፣ እኛም እናርፋለን። እስከዚያ ወደ ቤት እንዳትመጪ።"

"እንዴት አድርጌ ነው የምነግራት?"

"እኔ አላውቅም። እኔ ልናገር አልችልም፤ አንቺው ታውቂያለሽ።"

በእኛ ቋንቋ ቃል አይባክንም። የዛፍ ሥርም፣ የደም ሥርም፣ የጥርስ ሥርም ሒዲድ ነው። አማችነትም፣ አማትም ሒዲድ ነው። ሁለት ቤት የተጋባ እንደሆነ ሒዲድ ሆኑ ይባላል፤ ሚስቱን የፈታ ሰው ሒዲዱን ቆረጠ ይባላል። ባርኒ ቃሉን ስትሰማ የጥርስ ሥር በሐሳቧ ጫፍ እንኳ አልመጣም። የልጇን ትዳር ነው ያየችው። ሰባት ዓመት በስብሶ በመስኮት ደፍ ላይ ተቀምጦ አየችው።

ሳጋል እጇን ጠራርጋ ስትገባ ዓይኗን ገለጠች።

"ማን ነበር?"

"ማንም። ተኚ ሆዮ፣" አለች ሳጋል፣ እማዬ ማለቷ ነው፣ እናቷን እንደ ሕፃን እያባበለች።

ባርኒ ሌላ አልጠየቀችም። አንደኛ፣ ለመጠየቅ አፍ መክፈት ያስፈልጋል፤ አፍ መክፈት ደግሞ አየር ያስገባል። ሁለተኛ፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብላ ነው ያደገችው። ሦስተኛ፣ መልሱን ፈርታ ነበር። እዚያው ተቀምጣ አመሸች። ሕመሙም ሐዘኑም ባንድ ላይ ሲመታ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አቃታት።

ረቡዕ ጠዋት ሳጋል ልጆቹን ልታጥብ ስትገባ፣ ባርኒ ጉፍታዋን ደህና አድርጋ አስራ ወጣች። ወደ ዋርሳሜ አይደለም። ለጥርሷ አልነበረም የወጣችው። አንዲት እናት ለልጇ ስትል ልትለምን የምትችለውን ልትለምን ነው።

ሮብሌ በሽተኛ በሚያይበት ቤቱ በረንዳ ላይ ረዥም የተራ መጠበቂያ አግዳሚ ወንበር አለ። አንድ ጉንጩ ያበጠ ሽማግሌ ብቻ ተቀምጧል። ባርኒ በሩ አጠገብ ቆመች። ሮብሌ ነጭ ልብሱን እንደለበሰ ቀጣዩን ሊጠራ ብቅ ሲል ዓይኑ ጫማዋ ላይ አረፈና ቀጥ አለ። ሰባት ዓመት ያየው ጫማ ነው።

"ኤዶ?" አለ፤ አማትና አክስት የሚጠሩበትን ስም ጠራት። "ኤዶ፣ እርስዎ ነዎት? ምነው በእግርዎ? ልከው ቢሆን እኔ አልመጣም?"

"ለልመና ነው የመጣሁት ልጄ፤" አለች በጉፍታው ውስጥ ሆና። ጉንጯ አብጦ ቃሉን ያኝከዋል።

"ይዘዙኝ እንጂ ምን ልመና አለ።"

"ሒዲዱን አታውጣው። በስብሷል ስትል ሰምቻለሁ። የበሰበሰ ሁሉ ይጣላል እንዴ? ትንሽ ብትታገሥ ይድናል።"

ሮብሌ መሬቱን እያየ ራሱን ነቀነቀ። አዘነላት። ብዙ ሰው እንዲህ እንደሚፈራ ያውቃል።

"ኤዶ፣ እሱ በራሱ አይድንም። አሁን ካልወጣ መግሉ ወደ ላይ ይወጣል። አሥር ቀን ዝም ማለትዎ ራሱ ጎድቶታል።"

"መግል?"

"ሦስቱንም አወጣቸዋለሁ። በአንድ ቀን እጨርሳለሁ።"

"ሦስቱንም!" ባርኒ ግድግዳውን ያዘች። ሳጋልንና ሁለቱን ልጆች መቁጠሯ ነው። "ልጆቹ ምን አደረጉህ? የገዛ ደምህ አይደሉም?"

"የምን ልጆች?"

ጉንጩ ያበጠው ሽማግሌ አንዴ እሷን አንዴ እሱን ሲያይ ቆየ። ከዚያ ጉንጩን በመዳፉ ደግፎ ጣልቃ ገባ።

"ዶክተር፣ አንተ የምትለው የጥርሱን ነው። እሷ የምትለው የጋብቻውን መሰለኝ።"

ሮብሌ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ሊል ምንም አልቀረውም፤ ቶሎ መልሶ አቀረቀረ። ጆሮው ቀልቷል።

"አዑዙ ቢላህ! ኤዶ፣ ሳጋልን? እኔ? የእርስዎን ጥርስ እኮ ነው! እሷ ስትነግረኝ፣ ሙቅ ሲነካው፣ ሲተኙ ሲመታ... እናትሽን ሳትይዢ እንዳትመጪ አልኳት እንጂ..."

በዚህ መሐል ሳጋል እያለከለከች ደረሰች። ልጆቹን ለከልቱን ወርውራ ነው የመጣችው። የሆነው ሲነገራት መጀመሪያ አፏን ያዘች፣ ቀጥላ በሁለቱም ላይ ተናደደች።

"ስለ አፍሽ ከሱ ጋር አወራሁ ብልሽ ቤቱን ትለቂልኝ ነበር፤ እሱ ደግሞ አማቴን ቀና ብዬ አላይም ይለኛል። መሐላችሁ ገብቼ ስድስት ቀን ተቃጠልኩ። ወይ ተከባበሩ ወይ ዳኑ።"

ባርኒ አልሳቀችም፣ አላፈረችምም። ለመሳቅም ለማፈርም አቅም ይጠይቃል። ትዳሩ ደህና ነው፤ ይኼ ገባት። ከዚያ አግዳሚው ላይ ከሽማግሌው ጎን ተቀመጠች።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እናቴ፤" አላት ሽማግሌው። "ግቢ። ተራዬን ሰጥቼሻለሁ። ጥርስ ባዳ ነው፤ ለባዳ ብለሽ አትሙቺ።"

ሮብሌ ጫማዋን እያየ ነገራት። ጥርስ ድንጋይ ይመስላል እንጂ ውስጡ ባዶ ክፍል አለው፤ ከክፍሉ ወደ ሦስቱ የጥርሱ ሥሮች እንደ ክር የቀጠነ ሥጋና ነርቭ ይሄዳል፤ ሒዲድ ያለው እሱን ነው። ሲታመም ያብጣል። ያበጠ ነገር ቦታ ይፈልጋል፤ ግድግዳው ደግሞ ድንጋይ ነው፤ መሄጃ ሲያጣ ይጮሃል። ክሩን አውጥቶ፣ ክፍሉን አጥቦ፣ ደፍኖ ይዘጋዋል። ጥርሱ በቦታው ይቀራል፤ የሚጮኸው ይሄዳል።

"ገመድ ይይዛል?" አለች ባርኒ። ሌላ የጠየቀችው የለም።

"ጥርሱን የብረት ቆብ ካለበስኩት ይይዛል። ሙቅና ቀዝቃዛ ይረሳል እንጂ መንከስ አይረሳም።"

"አፌስ?"

"አፍዎን አላይም ኤዶ። አንድ ጥርስ ብቻ ነው የማየው።"

ከመሳቢያው ሰማያዊ ስስ ጎማ አወጣ፤ መሐሉ ላይ አንዲት ቀዳዳ አለች። ሳጋል ልጆች ከመውለዷ በፊት እዚሁ ቤት ረዳቱ ነበረችና ሥራውን ታውቃለች። ማደንዘዣው ሲወጋ የእናቷን ከንፈር በጣቷ ከፍ አድርጋ ቀሪውን በጉፍታው ከለለችው። ከዚያ ጎማውን ወጥራ የታመመውን ጥርስ ብቻ በቀዳዳው አወጣችው። ባርኒ በሮብሌ እጅ ባለችው ትንሽ መስታወት ውስጥ ራሷን አየች፤ አፍ የለም፣ ከንፈር የለም፣ ሰማያዊ ጎማ የለበሰ ፊት ላይ አንድ ብቸኛ ጥርስ ቆሟል። ከጉፍታዋ ይልቅ ይኼ ይሸፍናል አለች በልቧ። ዓይኗን ጨፈነች።

ሕመሙ ደንዝዞ ነበር። ሮብሌ እንደ ፀጉር የቀጠነች መርፌ እያስገባ፣ እያሽከረከረ፣ እያወጣ ሠራ። አንድ አለ። ቆይቶ ሁለት አለ። ቆይቶ ሦስት። አጠባቸው፣ መድኃኒት አደረገባቸው፣ ለጊዜው ከደነው። በሳምንቱ ይመለሱ አላት።

ያን ዕለት ባርኒ ጋደም ብላ ተኛች። በሁለተኛው ቀን ለስላሳ ገንፎ በላች፤ ከልቱን መጥታ ገመዱን አየት አድርጋ ተመለሰች። በሦስተኛው ቀን ሻይ ቀመሰች። ሙቁ ሲነካው ከውስጥ፣ ከሩቅ፣ አንድ ነገር ብድግ አለ። እንደበፊቱ አልጮኸም። ግን አለ። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ መምታት ጀመረ።

የመጀመሪያው ሕመም ሰውን ያስቆጣል። የተመለሰው ሕመም ግን አያስቆጣም፤ ያደክማል። ባርኒ ገመዷን ከምሶሶው አውርዳ ጠቅልላ ከቀሚሷ ኪስ ከተተችው፤ ለምን እንዳደረገችው ራሷም አላወቀችም።

"ነግሬሽ ነበር፤" አለች ከልቱን። "ዋርሳሜ ቢሆን ይኼኔ ረስተሽዋል። ሠርጉኮ አለቀ፤ ሙዳዩ እሑድ ይቀርባል፤ እኔ ምን ልያዝ?"

"ተይኝ እስቲ ከልቱን።"

በሳምንቱ ወደ ወንበሩ ተመለሰች። ሳጋል ጎማውን ወጠረች። ሮብሌ ክዳኑን አነሣ፣ ሦስቱን አንድ በአንድ ነካካ። ንጹሕ ናቸው። በብርሃን አየ፣ ራጅ አነሣ፣ ደግሞ አየ። ግማሽ ቀን ሠርቶ ነበርና እሱም ደክሞታል፤ ትከሻው ወርዷል።

"ኤዶ፣" አለ በመጨረሻ፣ "ያገኘሁትን ሁሉ አጽድቻለሁ። የቀረ ነገር አላይም። አንዳንድ ጥርስ እንዲህ ነው፣ ምክንያቱን አይነግርም። እርስዎን ከዚህ በላይ ማንገላታት... ነቅለነው ቢያርፉ ይሻላል መሰለኝ።"

ባርኒ ሰማችው። እሺ ለማለት ትንሽ ቀርቷት ነበር፤ እሺ ማለት ይቀላል፣ ዕረፍት ነው። ግን አፏ ተወጥሯል፣ ቃል አይወጣም። ስለዚህ አራት ጣቷን አነሣች።

"አራት ቀን?" አለ ሮብሌ። "አራት ቀን ታመሙ?"

አይደለም ብላ ራሷን ነቀነቀች። አራት ጣቷን እንደገና አነሣች።

"ሆዮ፣ ምንድን ነው?" አለች ሳጋል።

ባርኒ እጇን ኪሷ ከተተች። ገመዱን አወጣች። በወንበሩ ክንድ ላይ ጠመጠመችው፤ የምትነክስበት ጥርስ የለም፣ ቋጠሮው ልል ነው። ግን ቋጠሮ ነው። ሦስት ጫፍ ለዓይን ተወች። የሮብሌን እጅ በጓንቱ ላይ ያዘች፤ ሰባት ዓመት ነክታው የማታውቀውን እጅ። ጣቱን ወደ መጀመሪያው ጫፍ ወሰደችው፣ ከሆዱ ሥር አስገባችው፣ እዚያ ላይ ተጫነችው።

የሮብሌ ጣት ከገመዱ ሥር የተወሸቀውን ነገር ነክቷል። በሠርጉ ቀን እንደዳበሰው ዳበሰው።

"ከመጀመሪያው ሥር፤" አለ በዝግታ። "እኔ ደግሞ ሦስት አገኘሁ ብዬ ቢላዋ ላወጣ።"

ወንበሩን አስጠግቶ እንደገና ጎንበስ አለ። በጣም ረዥም ጊዜ ወሰደ። ከመጀመሪያው ቀዳዳ ጎን ያለችውን ስስ የጥርስ ጠርዝ እንደ አቧራ ጠረጋት፣ ትንሿን መርፌ አስጠጋ፣ አልገባም አለች፣ ትንሽ ወደ ጎን አዘነበላት። ባርኒን ከጥርሷ ውስጥ አንድ ነገር ጠቅ አደረጋት፤ ማደንዘዣው ያልደረሰበት ቦታ ነበር። የወንበሩን ክንድ ጨበጠች።

"ይቅርታ ኤዶ። እሱ ነው። አገኘሁት።"

ማደንዘዣ ጨመረላት፣ ክሩን ሳበ። ምን እንደወጣ ባርኒ አላየችም፤ ሲወጣ ግን አወቀች። ከጆሮዋ ግንድ እስከ ትከሻዋ ተወጥሮ የነበረው ነገር ሁሉ ባንድ ጊዜ ላላ። አሥር ቀን መትቶ፣ ጋብ ብሎ፣ እንደገና ሲመታ የነበረው ዝም አለ። ዝምታው ራሱ ከባድ ነበር፤ ምን እንደሚደረግበት አላወቀችም። እንባዋ በጆሮዋ በኩል ወረደ፤ አላበሰችውም።

አጠበ፣ ደፈነ፣ ዘጋ። ሳጋል ጎማውን ፈታችላት።

"ሆዮ፣ አልቋል። ተነሺ።"

ባርኒ ልትነሣ ፈለገች። አፏ እንደተከፈተ ታውቃለች። አማቿ በአንድ ክንድ ርቀት ላይ እንደቆመ ታውቃለች። እጇ ጉፍታውን እንዲስብ አዘዘችው፤ እጇ አልሰማም። ያጣችው የስንት ሌሊት እንቅልፍ ከወገቧ ጀምሮ ሽቅብ መጣባት። አፏን እንደከፈተች ትንፋሿ ሲያንኮራፋ ራሷ ሰማችው።

"ላንቃት?" አለች ሳጋል።

"ተይ።"

ሮብሌ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እንደዞረ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ ጉፍታዋን በዳበሳ አገኘ፤ እስከ አፍንጫዋ ድረስ ሳበላት። ጓንቱ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸታል። ከዚያ በሩን ገርበብ አድርጎ ብቅ አለ። በረንዳው ላይ ሰው ሞልቷል፤ ያ ጉንጩ ያበጠ ሽማግሌም ለጥርሱ ቆብ ተመልሶ መጥቷል።

"ዶክተር፣ ሒዲዱ እስካሁን አልወጣም እንዴ?" አለ ሽማግሌው። "ጀንበሯ ጠለቀች እኮ።"

"የጥርሱ ወጥቷል፤" አለ ሮብሌ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "የእኔዋ ሒዲድ ግን ተኝታለች። እባካችሁ ቀስ ብላችሁ አውሩ።"

ባርኒ በእንቅልፏ ጫፍ ላይ ሆና ሰማችው። መልስ ልትሰጥ አሰበች፤ ሙዳዩ እሑድ ነው፣ ቆቡ መቼ ነው ልትል። ነገ እጠይቃለሁ አለችና ተኛች።